ማዕድ ላይ ጨዋታ፦ የጅማ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የሦስት ልጆች እናትም ነኝ። ቤታችን ቆጪ አካባቢ ነው። የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ስለሆኑ ማታ ማታ አንድ ትሪ የምንከበው ስድስት ሆነን ነው።

ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ጎረቤት ተጠራርተን ቡና ስንጠጣ፣ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። «እራት ላይ ቤታችን ጭር ይላል» ይሉኛል። ወይም ደግሞ «የሚሰማው ቁጣ ብቻ ነው» ይላሉ። የሚጠይቁኝን እና የምመልስላቸውን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት።

አማርኛችን አንድ የምወደው ቃል አለው። ልጆች ኳስ ሲያባርሩ «ይጫወታሉ» እንላለን። ትልልቆች ሲኒ ይዘው ሲያወሩም «ይጫወታሉ» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ «ቁጭ በል፣ ተጫወት» ነው የምንለው። ማዕድ ላይ እንዲኖር የምፈልገው ይሄው ነው። ጨዋታ።

እኛ «ሲበላ አይወራም» ተብለን ነው ያደግነው። ልጆችን ማዕድ ላይ ማስወራት ማባለግ አይሆንም?

አይሆንም። አባባሉን ግን ንቄ አልተወውም፤ ምክንያት ነበረው። ጎርሶ የሚያወራ ልጅ ትን ይለዋል። ምግብም እንዲሁ በዋዛ የሚገኝ አልነበረም። ፊቱ ሲቀርብ ጸጥ ብሎ ማክበር ተገቢ ነበር።

እናቴ እንደምትነግረኝ በእሷ ልጅነት ልጆች ኩራዝ ይዘው ቆመው ትልልቆቹ እስኪበሉ ይጠብቁ ነበር። የሚደርሳቸውም የተረፈው ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያኔም ትልልቆቹ ያወሩ ነበር። ስለ ከብቱ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ጎረቤቱ ሠርግ ይጫወቱ ነበር። ዝም የተባለው ልጁ ብቻ ነው።

እኛ ቤት የቀረው ሥርዓት አለ። እጅ እንታጠባለን። ቢስሚላህ እንላለን። ትልቅ ሰው ሳይጀምር አንጀምርም። የጎረሰ ሰው እስኪውጥ አያወራም። ይሄ ይበቃል። ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ ልንገራችሁ፤ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቆሎና ለውዝ አትስጡ። ጉሮሮው ላይ ሊቀርበት ይችላል። ያ አደጋ ዝም ቢልም ቢያወራም አይቀርለትም።

ልጄን «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ብሎ ዝም ይላል። ምን ልጠይቀው?

ይሄ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። መልሴ «መጠየቁን ትንሽ ተዉት» ነው።

መካከለኛው ልጄ 11 ዓመቱ ነበር። በየማታው «ትምህርት እንዴት ነበር?» እለዋለሁ። «ደህና።» «የቤት ሥራ አለህ?» «ሠርቻለሁ።» አለቀ። ወራት እንዲህ አለፉ። እኔም «ዝምተኛ ልጅ ነው» ብዬ ተቀበልኩት።

አንድ የግንቦት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት ጠፍቷል። ሻማ አብርተን ሽሮ እየበላን ነው። ለወሬ ያህል ቀን የገጠመኝን አወራሁ። የትንሿን ልጅ ዩኒፎርም ልሰፋ ቁጭ ብዬ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ክሩን በምራቄ አርጥቤ፣ ወደ በሩ ወጥቼ፣ ወደ ብርሃን አዙሬ ሞከርኩ። አልሆነም። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ጠርቼ አስገባልኝ። «ዓይኔ አርጅቷል መሰለኝ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ትንሽ ዝም ተባለ። ልጁ እንጀራውን እየቆረሰ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔም እኮ ሰሌዳው አይታየኝም» አለ።

ለካ ወደ ኋላ ወንበር ከተዛወረ ሁለት ወር ሆኖታል። የሚገለብጠው ከጓደኛው ደብተር ነበር። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስደነው መነጽር ታዘዘለት። እኔ መምህርት ነኝ። በቀን ብዙ ልጆች ፊቴ ይቀመጣሉ። የራሴ ልጅ ግን እንደማያይ አላየሁም። ስጠይቀው አልነገረኝም። ስነግረው ነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ያስተዋልኩት ይሄ ነው። ልጅ ጥያቄ ሲሰማ መልሱ ትክክል መሆን ያለበት ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ነው የዋለው። ቤት ገብቶም ጥያቄ ሲጠብቀው አጭሩን መልስ ሰጥቶ ያመልጣል። ወሬ ሲሰማ ግን የራሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ። ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ባጃጅ ውስጥ ጃንጥላ ረስታችሁ መውረዳችሁ ይበቃል። አለቃችሁ ስማችሁን አሳስቶ መጥራቱ ይበቃል። በተለይ የተሳሳታችሁበትን፣ ያፈራችሁበትን፣ ያቃታችሁን ንገሯቸው። ልጅ አባቱ የሚሳሳት ሰው መሆኑን ሲሰማ የራሱን ስህተት ለማውራት ድፍረት ያገኛል።

መጠየቅ ካለባችሁም ጥያቄው ትንሽና ለየት ያለ ይሁን። «ዛሬ ዕረፍት ላይ ከማን ጋር ነበርሽ?» «ክፍል ውስጥ ዛሬ ማን አሳቀ?» «መምህራችሁ ምን አስቆጣቸው?» ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ። ዝምታውን ቶሎ አትሙሉት። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ላይ ስደርስ ይጀምራሉ።

የምናወራው ያው የኑሮ ውድነት ነው። ሌላ ምን ወሬ አለ?

ጅማ እየኖራችሁ ወሬ አይጠፋም።

ከቤተሰቡ ታሪክ ጀምሩ። የአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ልጆችን ጠይቀው ነበር። አያቶችህ የት አደጉ? እናትና አባትህ የት ተገናኙ? አንተ ስትወለድ ምን ሆነ? የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። የቤተሰባቸውን ታሪክ በደንብ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። ሕይወታቸው በእጃቸው እንዳለ የሚሰማቸውም እነሱ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር አክለዋል። ልጁን የሚጠቅመው መልሱን መሸምደዱ ብቻ አይደለም። ታሪኩ የሚወራባቸው፣ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚቀመጥባቸው ሰዓታት ናቸው የሚገነቡት።

አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ቡና ለቅሞ፣ ከዚያ ነግዶ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ልጆቼ ይሄን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምተውታል። አሁንም «አባባ መጀመሪያ ቀን የት አደረ?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን ያውቁታል፤ ግን መስማት ይፈልጋሉ።

ከተማችንም ራሷ ወሬ ናት። ልጆች ከትምህርት ቤት ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አይተው ሲመጡ ማታ እነሱ ያስተምሩን። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡ መሆናቸውን ከመጽሐፍ ያመጣሉ። ስለ ቁመታቸው የሚወራውን ደግሞ ከአያት ይሰማሉ። ባለቤቴ የኳስ ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን መውሰዱን ሲያወራ እራቱ ይቀዘቅዛል። የምንቀመጥበት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም ወሬ አለው። ልጄ «ሚስማሩ የት ነው?» ብላ ገልብጣ ስታየው ከአንድ ግንድ እንደሚጠረብ የነገርናት እራት ላይ ነው።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ እንቆቅልሽ ወደር የለውም። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» «ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።» ጤዛ ነው መልሱ። ያልመለሰ ሀገር ይሰጣል። ጠያቂዋም «ጅማ ገብቼ ምን አጥቼ» እያለች ትኮፈሳለች። የ7 ዓመቷ ልጄ አባቷን አሸንፋ ጅማን ከተቀበለችው ያ ሳምንት የእሷ ነው።

የኑሮውን ነገር ደግሞ ደብቁት አልልም። ልጆች የዘይት ዋጋ መጨመሩን ቢያውቁ አይጎዱም። ብድሩን፣ የቤት ኪራዩን፣ «እንዴት ልንሆን ነው?» የሚለውን ግን ልጆች ከተኙ በኋላ ተነጋገሩበት። ልጅ ሊፈታው የማይችለውን ጭንቀት ይዞ መተኛት የለበትም።

ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ምን እናድርገው?

መጀመሪያ የራሳችሁን ስልክ አስቀምጡ። አባት ቴሌግራም እያየ ልጁን «ቲክቶክ ዝጋ» ቢለው ልጁ አይሰማውም። ልክ ነውም።

እኛ ቤት ስልኮች ሁሉ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ። የባለቤቴ ብቻ ድምፁ ክፍት ነው፤ ለሥራ ይደወልለታል። ሲጠራ ተነስቶ ያነሳል። እጁ ላይ ይዞት ግን አይበላም። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ትልቅ ጨዋታ ያለ ቀን ብቻ አንድ ላይ እያየን እንበላለን። እሱም አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ሁላችንም አንድ ነገር እያየን እንጮሃለን።

ሕፃን ልጅን ቪዲዮ ከፍተው የሚያበሉ እናቶች አሉ። ድካማቸው ይገባኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። ዓይኑ ስክሪን ላይ የተተከለ ልጅ የሚያጎርሰውን ሰው ፊት አያይም። ከእናቱ ፊት የሚማረው ብዙ ነው።

አባታቸው የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። አብረን መብላት አልቻልንም። ምን እናድርግ?

እራት የግድ አይደለም።

ባጃጅ የሚነዳ አባት፣ ሆስፒታል አዳር ያላት ነርስ፣ ሱቁን ማምሸት ያለበት ነጋዴ ብዙ ነው እዚህ ከተማ። ቡና ሲደርስ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ገጠር ቡና ያላቸው ቤተሰቦች ጭራሽ አይገናኙም። እንዲህ ያሉ እናቶች «እኛማ አልሆነልንም» ብለው ሲያፍሩ ሳይ ያሳዝነኛል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቁርስ አለ። ጠዋት ለ15 ደቂቃ ሻይና ዳቦ ይዞ አንድ ላይ መቀመጥ እራትን ያህል ይሠራል። የማውቃት አንዲት እናት ባሏ ዕድሜውን በሙሉ የሚያመሽ ነው። ልጆቹን ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጋ ትቀሰቅሳቸዋለች። አባትየው ደግሞ በእንቅልፍ ዓይኑ ተነስቶ አብሯቸው ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን ምንም አያወራም። ግን አለ። ልጆቹ ማታ ያልነገሩትን ጠዋት ይነግሩታል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቡናችን ነው። የቡና ሀገር ሰዎች ነን። እሑድ ቡናው ሲቆላ፣ ጭሱ ሲዞር፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቀመጣለን። ያን ሰዓት ግን ለጎረቤት ሰጥተን ልጆችን «ውጭ ተጫወቱ» እንላቸዋለን። አንዱን ቀን ለእነሱ አድርጉት። ቡናውን ለሕፃን ስጡ አላልኩም። ፈንዲሻውን ያቅርቡ፣ ሲኒውን ያድሉ፣ በረከቦቱ ዙሪያ ይቀመጡ። ከቶናው በኋላ የሚወጣው ወሬ ሌላ ነው። እኛ ቤት ትልቋ ልጄ ምን መማር እንደምትፈልግ መጀመሪያ የነገረችን ቶና ላይ ነው።

ልጁን የምናገኘው እራት ላይ ብቻ ነው። ጥፋቱን ያኔ ካልተናገርን መቼ እንናገረው?

ከማዕድ በኋላ። ወይም በፊት። ማዕድ ላይ ግን በፍጹም አይሆንም። በዚህ ላይ ግትር ነኝ።

ትሪው ችሎት ሲሆን ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ተማሪዬ። ቤቱ ሰርተፍኬት የሚታየው፣ ጥፋት የሚነበበው እራት ላይ ነበር። ልጁ ማታ ማታ ሆዱን ያመዋል። እናቱ ትል መስሏት መድኃኒት ሰጥታው ነበር። ሆዱን ያመመው ፍርሃቱ ነው። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጊዜ አጥተው ነው። ሌላ ሰዓት እንዲያደርጉት ተነጋገርን። አባትየው ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ይዞ አወቱ ወንዝን ተሻግሮ ገበያ ይሄዳል። እየሄዱ ያወራሉ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ከባድ ነገር ለማውራት ይሄ ይቀላል። የሆድ ሕመሙ ቀስ በቀስ ተወው።

የባልና ሚስት ጭቅጭቅም እንደዚሁ ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ማዕድ ላይ የተወረወረ ቃል ልጆቹም ላይ ያርፋል። ንዴቱ ካየለባችሁ «ይሄን በኋላ እንነጋገርበታለን» በሉና በእርግጥም በኋላ ተነጋገሩበት።

ትንሿ ልጄ አትበላም። ወሬያችን ሁሉ «ብይ፣ ብይ» ሆነ።

ኤሊን ሳተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል። ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ ደግሞ ልጁ ይወስናል። መጀመሪያ ስሰማው ከበደኝ። እኛ «በሞቴ» እያልን የምናጎርስ ሰዎች ነን። ስሞክረው ግን ሠራ። ልጅቷ ላይ የተተከለው ዓይን ሲነሳላት በወሬው መሃል እጇን ሰድዳ መብላት ጀመረች።

ጉርሻውን አትተዉት። የፍቅር ነገር ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላችሁ ድገሙላት። «አልፈልግም» ካለች ግን አፏን አትጫኑት። ክብደት እየቀነሰች ከሆነ፣ ወይም ምግብ ስትውጥ የሚያማት ከመሰላችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

አያታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። ልጆቹ አማርኛ ይቀናቸዋል። ማዕድ ላይ አይግባቡም።

ይሄ ጅማ ውስጥ የብዙ ቤት ነገር ነው። የእኔም ቤት ነው።

የባለቤቴ እናት የሰቃ ሰው ናቸው። ልጆቹ አኮ ይሏቸዋል። መጀመሪያ አካባቢ አኮ ዝም ብለው ይበሉና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይነሱ ነበር። እኛ በአማርኛ እንንጫጫለን። አንድ ቀን ባለቤቴ «እማዬ እንግዳ ሆነች እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር። አፈርኩ።

ከዚያ ያደረግነው ቀላል ነው። ልጆቹን አስተርጓሚ አደረግናቸው። አኮ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ትልቋ ለእኔ ትተረጉማለች። ስትሳሳት አኮ ያርሟታል። እኛ እንቆቅልሽ የምንለውን እሳቸው ሂቦ ይሉታል። «ሂቦ!» ሲሉ ልጆቹ «ሂባካ!» ብለው ይመልሳሉ። ዛሬ ልጆቼ በኦሮምኛ ከእኔ በላይ ይቀልዳሉ። እኔ ዘግይቼ ነው የምስቀው፤ እስኪተረጎምልኝ።

ሁለት ቋንቋ ልጅን ያምታታል ብላችሁ አትፍሩ። አያት ሀብት ናቸው። ማዕዱ ላይ ወሬያቸው ካልተሰማ የቤተሰቡ ታሪክ ግማሹ አብሯቸው ይሄዳል።

አንዱ ልጅ ብቻ ያወራል፤ ሌላው ዕድል አያገኝም።

ዝምተኛውን በስሙ ጥሩት እንጂ «አንተ ደግሞ ለምን አታወራም?» አትበሉት። «ቅድም ስለ ውሻው ልትነግረኝ ነበር» ማለት ይሻላል። ሲጀምር ሌላው ካቋረጠው «ቆይ፣ ወንድምህ ይጨርስ» በሉ። በየቀኑ በሉት። ይለምዱታል።

የ15 ዓመት ልጄ ሳህኑን ይዞ ክፍሉ ይገባል።

በጉልበት አትመልሱት። ግን በሩን ዘግታችሁም አትተዉት። በሳምንት ሦስት ቀን አብሮ እንዲበላ ተስማሙ። ቀኖቹን እሱ ይምረጥ። ያን ቀን ምን እንደሚሠራም ይምረጥ፤ ቢቻል አብሮ ይሥራው። እኛ ሀገር ወንድ ልጅ ኩሽና ሲገባ የሚገረም ሰው አሁንም አለ። እኔ ግን የጎረምሳ አፍ ሽንኩርት ሲከተፍ እንደሚከፈት አይቻለሁ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

ማዕድ ላይ ሲመጣ ስለ ፀጉሩና ስለ ጓደኞቹ አታንሱ። ስለሚያውቀው ነገር አስተያየቱን ጠይቁት። ስለ ስልክ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ሙዚቃ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት አልወደውም። ልጅ ያቦካው ወሬ ለእራት ይበቃል፤ የሚሰማው ካገኘ።

የቤት ሠራተኛችን ኩሽና ነው የምትበላው። እሷስ?

አብራችሁ ትብላ።

እኛ ጋ ለሁለት ዓመት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከዳውሮ የመጣች። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኩሽና ትበላ ነበር። እኔም አላሰብኩበትም፤ ሁሉም ቤት እንዲያ ነው። አንድ ማታ ትንሿ ልጄ «እሷ ለምን ብቻዋን ትበላለች? ቤተሰብ የላትም?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በማግስቱ ትሪው ዙሪያ በርጩማ ጨመርን። መጀመሪያ አፍራ ቀና አላለችም። ቆይታ ስለ ሀገሯ ስታወራ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። ልጆቻችሁ «ተከባበሩ» ስትሏቸው ከሚሰሙት ይልቅ ማን የት ተቀምጦ እንደሚበላ በማየት ይማራሉ።

በጾምና በረመዳንስ?

ዓመቱን ሙሉ አብሮ መብላት ያቃተው ቤት እንኳ በረመዳን ለኢፍጣር ይሰበሰባል። ሁሉም ተርቧል፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ይጠብቃል። ያቺ አዛን እስክትሰማ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ውድ ናት። ልጆቹ ቴምሩን ያድሉ፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደጾሙ ይንገሩን። ክርስቲያን ጎረቤቶቼም በፍስክ ቀን ተበታትነው የሚበሉት በዐቢይ ጾም አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ያን ልማድ ከበዓሉ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን አስቀጥሉት።

እውነት ይሄ ወሬ ለትምህርታቸው ይጠቅማል?

ይጠቅማል። ሃርቫርድ የነበሩት ካትሪን ስኖው ከባልደረቦቻቸው ጋር ልጆችን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ለዓመታት ተከታትለዋል። ማዕድ ላይ የሚወራው፣ በተለይ ያለፈ ነገር ሲተረክና «ለምን?» የሚለው ሲብራራ፣ ከልጆቹ የቃላት ዕውቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ክፍል ውስጥም ይታየኛል። ቤት የሚወራለት ልጅ ድርሰት ጻፍ ሲባል የሚጽፈው አያጣም። ግን ለውጤት ብላችሁ አታድርጉት። ልጅ ያውቅባችኋል፤ ጨዋታው ወዲያው ትምህርት ይሆንበታል።

ሞክረን ነበር። ሁላችንም ዝም ብለን ተያየን። ዛሬ ማታ ምን ብዬ ልጀምር?

ዛሬ ከደረሰባችሁ ነገር አንዱን፣ ትንሹን ያዙ። ወደ ቤት ስትመጡ መንገድ ላይ ምረጡት። ስትቀመጡ «ዛሬ ምን ሆንኩ መሰላችሁ» በሉ። ማንም ባይመልስ ግድ የለም። ነገም ሌላ ይዛችሁ ኑ። እኛ ቤት ወሬው በእርግጥ እስኪለመድ ወራት ፈጅቷል።

እኔ የዛሬ ማታውን ይዣለሁ። ሄርማታ ገበያ ጎመን ስገዛ አንዲት እናት «ወይኔ፣ አንቺ አይደለሽ ፊደል ያስቆጠርሽኝ!» ብላ አቀፈችኝ። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። አላስተማርኳትም። ግን በጣም ደስ ብሏት ስለነበር «አዎ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት። ጎመኑን በነጻ ሰጠችኝ። ልመልስላት ወይስ ልተወው አላውቅም። ልጆቼን እጠይቃቸዋለሁ።